ማዘር ጋ ቦታ የለም

ባለፈው ቅዳሜ ልጆቼ የሳሎኑን ጠረጴዛ ወረሩት። ናሆም የኮምፒውተሩን ሆድ ከፍቶ፣ ካቻቪቴውን ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ ጡብ የሚያክል ካርድ ሊገጥም ይታገላል። ምስል የሚያሳምርለት ነው አለኝ፤ በላዩ ላይ ሁለት ማራገቢያ ተሸክሟል። እህቱ ሊዲያ አጠገቡ ቆማ አንዲት ትንሽ ካርቶን በሁለት እጇ ይዛለች። ካርቶኗ ውስጥ ያለችው የድምፅ ካርድ ናት፤ በስጦታ ካገኘቻት ሳምንት አልሞላትም። ሊዲያ መዝፈን ትወዳለች። ከመታጠቢያ ቤት ውጭ ስትዘፍን ግን ሰምቻት አላውቅም።

ናሆም ካርዱን ሲሰካው ከውፍረቱ የተነሳ ጎኑ ያለውን መሰኪያ ድፍን አድርጎ ሸፈነው። ሌላ መሰኪያ ደግሞ የለም።

"ሁለቱ አብረው አይገቡም" አለ፣ ላቡን እየጠረገ።

"ግድ የለም፣ ያንተ ይሁን" አለች ሊዲያ። "እኔ አልቸኩልም።"

ካርቶኗን ብብቷ ሥር ሸጉጣ ወደ መስኮቱ ዞረች። ይህቺን "ግድ የለም" በደንብ አውቃታለሁ። በኛ አገር ግድ የለም ማለት ብዙውን ጊዜ ግድ አለኝ ማለት ነው፤ ሰሚው ንቁ ከሆነ ይገባዋል፣ ካልሆነም እንደወጣች ትቀራለች። እኔ ልቆጣ ሲገባኝ ሳቄ መጣ። ልጆቹ ምን እንደሚያስቀኝ ቢጠይቁኝ ሁለቱንም አስቀምጬ የነገርኳቸው ይህን ነው።

ያኔ የምንኖረው ጌጃ ሰፈር ነበር። ቤታችን ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ በአንድ በኩል ብረት በያጅ፣ በሌላ በኩል ፍራሽ ሰፊ ባለበት ቅያስ ላይ ነው። በክረምት ቅያሱ ጭቃ ስለሚሆን ሰው ሁሉ ድንጋይ ከድንጋይ እየረገጠ፣ የጎረቤቱን ግድግዳ እየተደገፈ ነው የሚያልፈው። የበያጁ ብረት ሽታ ከበቆሎ ጥብስ ሽታ ጋር ተቀላቅሎ ይመጣል። ዛሬም የተጠበሰ በቆሎ ስበላ ብረት ብረት የሚለኝ ለዚህ ይመስለኛል።

እኔና ሦስት ጓደኞቼ ሜክሲኮ አካባቢ ኮምፒውተር ጥገና አብረን ተምረን ጨርሰናል። ሥራ ግን የለም። ኮምፒውተር ራሱ ገና እንደ ልብ ያልነበረበት ጊዜ ስለነበረ ጠጋኝ የሚፈልግም አልነበረም። በኋላ እናቴ የቤታችንን የፊት ክፍል ለቀቀችልንና አንድ አነስተኛ ሱቅ ልንከፍት ተስማማን። ከአንድ መሥሪያ ቤት የተጣለ የኮምፒውተር ኬዝ፣ ካርዱ ሁሉ ከሚሰካበት ከማዘርቦርዱ ጋር አገኘን። የቀረው ተጨማሪ ካርድ ነው፤ ያን ጊዜ ኮምፒውተር ማለት ባዶ ቤት እንደ ማለት ነበርና፣ ድምፅ እንዲያወጣ ቢሉ ካርድ፣ ከስልክ መስመር ጋር እንዲነጋገር ቢሉ ካርድ፣ ሁሉም ነገር በካርድ ነው። አሁን እነ ናሆም ከፋብሪካ አብሮ የሚመጣላቸውን ሁሉ እኛ አንድ በአንድ እየለመንን ነበር የምንሰካው።

የሽርክናችን ውል አንድ ብቻ ነበር። እያንዳንዱ ሸሪክ አንድ ካርድ ያመጣል፤ ካርዱ ማሽኑ ውስጥ ከገባ ሸሪክ ነው፣ በካርዱ የሚገኘውም ሥራ የሱ ነው። ሳምሶን ሞደም አመጣ፤ ሰው በጠዋት እየመጣ ፋክስና ኢሜይል እንዲልክበት። ሳምሶን አፉ የማያርፍ፣ ለሁሉም ሰው ቅጽል ስም የሚያወጣ አራዳ ነው። በላይ ከሠርግ ካሜራ ላይ ምስል የሚቀዳ የቪዲዮ ካርድ አመጣ፤ በላይ ደግሞ ሲናገር ቃል የሚያልቅበት ይመስል ቆጥቦ ነው። የኔ ካርድ አንድ የተበላሸ ስካነር ጠግኜ ከሱ ጋር ያገኘሁት ነው፤ አሮጌ ፎቶ በስካነሩ ገልብጬ፣ የተቀደደውን አድሼ ለባለቤቱ ልመልስ።

አራተኛው ገመቹ ነው። ገመቹ ከወሊሶ አካባቢ ለትምህርት መጥቶ ሰንጋ ተራ አጎቱ ቤት የሚኖር፣ በቤተ ክርስቲያኑ ኳየር ውስጥ ኦርጋን የሚጫወት ልጅ ነበር። የድምፅ ካርድ አመጣ። ኳየሩ መዝሙሩን የሚያስቀዳበት አቅም ስላልነበረው ገመቹ እኛ ቤት ሊቀዳላቸው ቃል ገብቷል። ሰው ሲናገር አንገቱን ዘንበል አድርጎ ነው የሚያዳምጠው። ስለራሱ ግን ምንም አይናገርም። አጎቱ ቤት ልጆች በዝተው፣ ዘመዶችም ተጨምረው፣ እሱ ኮሪደር ላይ እንደሚተኛ የሰማነው ከሱ አፍ አይደለም። ከመስከረም በፊት ሥራ ካልያዘ ወሊሶ ተመልሶ የዘመዱ ወፍጮ ቤት እንዲገባ መወሰኑንም የነገረችኝ የአጎቱ ሚስት ናት፣ ገበያ ተገናኝተን። "እሱ ምንም አላለም፤ እሺ ነው ያለው" አለችኝ። ገመቹ ለሁሉም ነገር እሺ ነው የሚለው።

እዚህ ላይ ስለ ስም አንድ ነገር መናገር አለብኝ፤ ኋላ የሆነው ሁሉ የሆነው በስም ምክንያት ነውና። የሰፈራችን ወጣት የጓደኛውን እናት "ማዘር" ነው የሚላት። ጓደኞቼም እማዬን ማዘር ይሏታል። ማዘርቦርድ ማለት ረዝሞበት ይሁን ለቀልድ፣ ሳምሶን ቦርዱንም ማዘር አለው፤ እኛም ተከተልነው። ስለዚህ ቤታችን ውስጥ ሁለት ማዘር ነበሩ፤ አንዷ ጓዳ፣ አንዷ ጠረጴዛ ላይ።

ጊዜው የፍልሰታ ጾም ነበር። ካርዶቹን የምንሰካ ዕለት ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፣ እማዬ ጓዳ ሱፍ ትወቅጣለች። ቦርዱ ላይ ሁለት ዓይነት መሰኪያ አለ፤ ነጫጮቹ አጠር ያሉ፣ ለአዲሱ ዓይነት ካርድ፤ ጥቋቁሮቹ ረዣዥም፣ ለአሮጌው ዓይነት። ነጮቹ ሦስት፣ ጥቁሮቹ ሁለት። ከነጮቹ አንዱን የስክሪኑ ካርድ ይይዘዋል፤ የቀሩት ለገመቹና ለበላይ፤ ጥቁሮቹ ለኔና ለሳምሶን። ቀድመን ቆጥረን ለእያንዳንዱ መድበናል፤ ልክ ልክ ነው።

የስክሪኑ ገባ። የበላይ ገባ። የኔ ገባ። ሳምሶን ሞደሙን ሰካና ብሎኑን አጠበቀ። ገመቹ በመጨረሻ ካርዱን ከላስቲኩ አወጣና በቀረችው ነጭ መሰኪያ ላይ አነጣጠረ። አልገባም። ገፋ አደረገው። ብረቱ ከሳምሶን ሞደም ብረት ጋር ተጋጨ።

ጎንበስ ብለን ከኋላ አየን። ያን ጊዜ ነው የገባን። ከነጮቹ የመጨረሻዋና ከጥቁሮቹ የመጀመሪያዋ ጎን ለጎን ተጠጋግተው ነው የተሠሩት። ቦርዱ ላይ ሁለት ናቸው፤ ካርዱ ከኬዙ ኋላ አንገቱን የሚያወጣበት ቀዳዳ ግን ለሁለቱም አንድ ነው። አንዱ ከገባ ሌላው አይገባም። እኛ የቆጠርነው መቀመጫ ነው፤ በር መቁጠር ያሰበ አልነበረም።

ንድፍ አውጪው ለምን እንዲህ አደረገ ብዬ ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ። ያ ዘመን አሮጌው ካርድ ያላለቀበት፣ አዲሱ ያልበዛበት የሽግግር ጊዜ ነበር። ቦርዱ ደግሞ ትንሽ ነው። አሮጌውን ቢተው አሮጌ ካርድ ያለው ይከፋዋል፣ አዲሱን ቢቀንስ አዲስ የገዛው ይከፋዋል፤ ስለዚህ ለሁለቱም ቦታ ሰጠሁ አለና ምርጫውን ለገዢው ተወው። በኔ ግምት ሰውየው ይሉኝታ ይዞት ነው። የትም ይወለድ የት፣ በዚህች አንዲት ነገር የኛ ሰፈር ልጅ ነው።

ሌላ ቦርድ ግዙ የሚለኝ ካለ ያን ዘመን አያውቀውም። ከአራታችን አንዱ መውጣት ነበረበት።

"የኔ ይቅር" አለ ሳምሶን ወዲያው።

"ኧረ በሞቴ፣ አንተማ ጀምረሃል፤ የኔ ይቅር" አለ በላይ። የበላይ ካርድ ቢወጣ ገመቹ እዚያ መግባት ይችላል።

"ስካነሩ ይቆይ፤ ፎቶው የትም አይሄድብኝም" አልኩ እኔ።

ገመቹ ካርዱን ወደ ላስቲኩ መለሰና "ግድ የለም፣ ችግር የለውም" አለ።

እማዬ ምሳ አቀረበች፤ ሱፍ ፍትፍት። ገመቹ ጴንጤ ስለሆነና ስለማይጾም ለብቻው እንቁላል ልትጠብስለት ተነሣች። "አይ ማዘር፣ እኔ ሱፍ እወዳለሁ፣ አይቸገሩ" አላት። ሱፍ እንደማይወድ ሁላችንም እናውቃለን፤ ሲውጠው ዓይኑን ይጨፍናል። 

በማግስቱ የሆነውን ዛሬም ሳስበው እስቃለሁ። በጠዋት ማንም ሳያየኝ ወደ ፊት ክፍል ወጥቼ የስካነሩን ካርድ ነቀልኩና መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ልቤ በገዛ ቸርነቱ ሞቅ እንዳለው ዳቦ ልገዛ ሄድኩ። እኔ ሳልኖር ሳምሶን መጥቶ ሞደሙን ነቀለ። እሱ ሻይ ሊጠጣ ሲወጣ በላይ መጣና የቪዲዮውን ነቀለ። ሁላችንም እንዳንያዝ ስለቸኮልን የሌላውን ባዶ መሰኪያ ያየ አልነበረም። ተመልሰን ስንሰበሰብ አንዲት ሴትዮ የእናታቸውን ፎቶ በመሐረብ ጠቅልለው በር ላይ ቆመዋል፤ የመጀመሪያ ደንበኛችን። ማሽኑን ብንከፍተው ከስክሪኑ ካርድ በቀር ባዶ ነው።

"ሌባ ገብቷል" አለ በላይ።

"እኔ ነኝ" አልኩ።

"አይደለም፣ እኔ ነኝ" አለ ሳምሶን።

ሴትዮዋ አንዴ እኔን አንዴ እሱን አዩንና ፎቷቸውን ወደ መሐረቡ መለሱት። ነገ ይመለሱ ብለን ሸኘናቸው፤ የሚመለሱ አይመስሉም ነበር።

ሳቃችን የቆመው በላይ "የገመቹስ?" ሲል ነው። የሦስታችን ካርዶች እዚያው ቤት ናቸው። እኔ መሳቢያ ውስጥ፣ ሳምሶን ጠረጴዛ ላይ፣ በላይ ካርቶን ውስጥ ነው ያስቀመጥነው። የገመቹ ግን የለም። ማታ ሲሄድ ይዞት ሄዷል። እሱም ራሱ አልመጣም። ያኔ ከአጎቱ ሚስት የሰማሁትን ለሁለቱ ነገርኳቸው። ገመቹ ካርዱን ወሰደ ማለት ወደ ወሊሶ ሊሄድ ነው ማለት ነበር። ኳየሩም መዝሙሩም ሁሉም ነገር በአንድ ቀዳዳ ሊቀር ነው።

"ሄደን እንለምነው" አልኩ።

"ምን ብለን? ብንለምነው ግድ የለም ነው የሚለን" አለ ሳምሶን። ተናዶ ነበር፤ ሳምሶን ሲያዝን ይናደዳል። "እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ማዘር ጋ ቦታ የለም። አራት ሰው አትችልም፣ አለቀ። ገመቹ ይውጣ፤ ወሊሶም ቢሆን ቤተሰቡ ጋ ነው።"

ጓዳ የሙቀጫው ድምፅ ቆመ። መቆሙን ሰምቼዋለሁ፤ ልብ ግን አላልኩትም። ትንሽ ቆይታ እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ጃንጥላዋን ይዛ በመካከላችን አለፈች። ፊቷ ቅጭም ብሏል።

"ወዴት ነው?" አልኳት።

"መጣሁ" አለች።

የቅዳሴ ሰዓት ስለነበር ቤተ ክርስቲያን የምትሄድ መስሎን ዝም አልን። ዝናቡ እየባሰ ሄደ። እኛም ካርዶቻችንን መልሰን ሳንሰካ ባዶዋን ማሽን ከበን ተቀመጥን።

እማዬ ስትመለስ ጫማዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ ሆኗል። ከኋላዋ ገመቹ አለ፤ ኦርጋኑን በላስቲክ ጠቅልሎ ትከሻው ላይ ተሸክሞ፣ የልብስ ሻንጣውን በሌላ እጁ ይዞ፣ ከጸጉሩ ውሃ ይንጠባጠባል። ሰንጋ ተራ ድረስ በእግሯ ሄዳ ነው ያመጣችው። አጎቱን ምን እንዳለቻቸው ከዚያም ወዲህ ነግራን አታውቅም። ገመቹን ስንጠይቀው "'ልጁን ልወስደው ነው የመጣሁት' ብቻ ነው ያሉት" አለን።

ጃንጥላዋን አጥፋ ግድግዳው ላይ አስደገፈችና ዞረችብን።

"ማን ነው ማዘር ጋ ቦታ የለም ያለው?"



"ይኸው ዕድሜዬን ሙሉ በዚህች ጎጆ ስንት ሰው ሳሳድር ኖሬ፣ ዛሬ በገዛ ቤቴ ቦታ የለኝም ተባልኩ? እኔን ሳትጠይቁ ልጁን ይውጣ የምትሉት እናንተ ማን ናችሁ?"

"ማዘር" አለ ሳምሶን፣ ቀልዱ ሁሉ ጠፍቶበት። "እኔ እኮ... እርስዎን አይደለም። እሷን ነው።" ወደ ጠረጴዛው ጠቆመ።

"እሷን ማንን?"

"ማዘርን። ማዘርቦርዷን። ስሟ ነው፤ እናት እንደ ማለት ነው።"

እማዬ ማሽኑን አየችው፣ ሳምሶንን አየችው። በላይ ጉንጩን ነክሶ ወደ ጣሪያው ያያል። መጀመሪያ የሳቀው ገመቹ ነው። ኦርጋኑ ትከሻው ላይ እንዳለ፣ ውሃው ከአገጩ እየወረደ፣ ሳቀ። ከዚያ ሁላችንም። እማዬ ብቻ አልሳቀችም።

"ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል" አለች። "ይቺን ግን መልአክም አላያት። እናት ተብላ ለልጇ ቦታ የላትም? በሉ ስሟን ቀይሩላት። አሁን ተነሡና ጓዳውን አውጡልኝ።"

ጓዳችንን ያየ ሰው እዚያ ውስጥ ሰው ይተኛል ብሎ አያስብም። በርሜሉን፣ የጤፉን ጆንያ፣ እግሩ የተሰበረ ወንበር፣ አባቴ ከሞተ ጀምሮ ማንም ያልከፈተውን ሣጥን፣ ሁሉንም አራታችን ተሸክመን አወጣን። ግማሹ የእማዬ አልጋ ሥር ገባ፣ ግማሹ የጎረቤታችን የእትዬ ዘውዴ በረንዳ ላይ። የአባቴን የሽቦ አልጋ ከግድግዳው ላይ አውርደን ዘረጋን። አልጋው ልክ ገባ፤ በሩ ግን ከዚያ ወዲያ ግማሹን ብቻ ነበር የሚከፈተው። ገመቹ ለዓመታት በጎኑ እየገባ በጎኑ ሲወጣ ኖሯል።

ሥራው ሲያልቅ ደክሞን ተቀመጥን። እማዬም እጇን ታጥባ ከኛ ጋር ተቀመጠች።

"እስቲ ንገሩኝ፤ የዚቹ እናት ነኝ ባይ ችግሯ ምንድን ነው?"

ሁለት መሰኪያ አንድ በር መሆኑን አስረዳኋት። ብዙ ማስረዳት አላስፈለጋትም፤ እኛና እትዬ ዘውዴ ሁለት ቤት ነን፣ የግቢው በር ግን አንድ ነው። እሳቸው ጠዋት ለጉልት የያዙትን ዕቃ ሁሉ ሲያወጡ እኛ እንጠብቃለን፤ እማዬ ከሰዓት ልብስ በሩ ላይ ስታሰጣ እትዬ ዘውዴ ይጠብቃሉ።

"ታዲያ እኔና ዘውዴ በአንድ በር ስንኖር መቼ ተጣላን?"

"አብረው አይገቡም እኮ ማዘር" አለ ሳምሶን።

"አብረው ይግቡ ማን አለ? መቼ መቼ ነው የምትፈልጉት?"

እርስ በርስ ተያየን። ያን ሁሉ ቀን የኔ ይቅር፣ የኔ ይቅር ስንባባል፣ ይህን ጥያቄ ያነሣ ሰው አልነበረም። ቢያነሣማ እፈልጋለሁ ማለት ይሆንበታላ።

"እዚህ ቤት ስትገቡ ጫማችሁን በር ላይ ታወልቁ የለ?" አለች እማዬ። "ይሉኝታችሁንም እዚያው ተዉት። ባለቤቱ ያልጮኸበትን ጎረቤት አይረዳም። አንተ፣ ገመቹ፣ ምን ትፈልጋለህ?"

ገመቹ "ግድ..." ብሎ ጀመረና ቆመ። ለመናገር ሲታገል አየሁት። ጆሮው ቀላ። ሳምሶን እንኳ ሳያቋርጠው ጠበቀው።

"እዚህ መቅረት እፈልጋለሁ" አለ። "ወሊሶ መመለስ አልፈልግም። ካርዴም እንዲገባ እፈልጋለሁ። ኳየሩ ከሥራ በኋላ ነው የሚሰበሰበው፤ ለኔ ከሰዓት በኋላ ይበቃኛል።"

"የኔ ሰዎች እኮ በጠዋት ነው የሚመጡት" አለ ሳምሶን፣ ቀስ ብሎ። "ከሰዓትማ ምን አደርግበታለሁ?"

እማዬ አንዱን ካንዱ እያፈራረቀች አየችን። "ለዚህ ነው እንግዲህ ቤቴን ለቅሶ ቤት ያስመሰላችሁት?" ብላ ወደ ምድጃዋ ተነሣች። "ምሳ ላቅርብ። ሱፍ አለ።"

"ማዘር" አለ ገመቹ ከኋላዋ። "እኔ እንቁላሉን እፈልጋለሁ።"

ያን ጊዜ ነው እማዬ የሳቀችው። ሳቋ ቶሎ አልቆመላትም፤ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ነው እንቁላሉን የጠበሰችው።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ ማሽኑ ይጠፋል፣ ሳምሶን ሞደሙን ነቅሎ ለገመቹ ቦታውን ይለቃል፣ ምሳ ይበላል፣ ገመቹ ካርዱን ይሰካል። ክዳኑን መክፈትና መዝጋት ስለሰለቸን ኬዙ ያለ ክዳን ቀረ። እማዬ ማሽኗን ራቁቷን ማየቱ ደስ ስላላላት ዳንቴል ሠርታ አለበሰቻት። ደንበኞቻችን ዳንቴል የለበሰ ኮምፒውተር ከኛ ቤት በቀር የትም አላዩም። ፎቶውን ይዘው የሄዱት ሴትዮም ተመለሱ፤ የእናታቸውን ፊት አድሼ ሰጠኋቸው።

የኳየሩ መዝሙር ካሴት ሆኖ ወጣ። ክረምቱ ገና ስላልወጣ ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ሲጀምር መዘምራኑ ያቆማሉ፣ ሲያባራ ይቀጥላሉ። ሦስተኛው መዝሙር ላይ፣ ሁሉም ዝም ብለው ኦርጋኑ ብቻ በሚሰማበት ቦታ፣ ከሩቅ "ቆራሌው" የሚል ድምፅ አለ። ሊያጠፉት ሲሉ ገመቹ ይኑር አላቸው። ያን ካሴት በሰማሁ ቁጥር ከመዝሙሩ ይልቅ የምጠብቀው ቆራሌውን ነው።

ሱቁ የቻለውን ያህል ቆየ። ያቺ ቦርድ በየቀኑ ሲነቀልባትና ሲሰካባት መሰኪያዋ ላልቶ አረፈች፤ እኛም በየፊናችን ሥራ ያዝን፤ ሰፈሩም ፈርሶ እዚህ ልደታ ኮንዶሚኒየም ገባን። ገመቹ ከጓዳችን የወጣው ሲያገባ ነው። ሲወጣ እማዬ ጓዳውን ለማንም አላከራየችም፤ ጆንያውንም አልመለሰችበትም።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት ከኔ ጋር ነበረች። አንድ ከሰዓት ይኸው አሁን ሊዲያ የቆመችበት መስኮት ሥር ፀሐይ እየሞቀች ሳለ ጠየቅኳት። "እማዬ፣ እውነት ያን ቀን የምናወራው ስለ ኮምፒውተሩ መሆኑ አልገባሽም ነበር?"

ሻይዋን ፉት አለች። "የምታወሩትማ ስለ ኮምፒውተራችሁ ነበር" አለች። "ይውጣ ያላችሁት ግን ልጁን ነው።"

ስታርፍ ድንኳኑ ውስጥ አንድ የሩቅ ዘመዳችን ልጆቿ የትኞቹ ናቸው ብለው ጠየቁ። ገመቹ ሳያስበው ከጎኔ ብድግ አለ። ከተነሣ በኋላ አፈረና ሊቀመጥ ሲል እጁን ያዝኩት። አንድ ላይ ቆመን ለቅሶውን ተቀበልን።

ለልጆቼ የነገርኳቸው ይህን ነው። ስጨርስ የናሆም ዓይን ካርዱ ላይ ነበር። ሊዲያ ካርቶኗን ከብብቷ አውጥታ እያገላበጠች ነበር። ካርዷን የሰጣት ያው እንቁላሉን እፈልጋለሁ ያለው ሰው መሆኑን ታውቃለች፤ ጓዳውን ግን አታውቅም ነበር።

"እፈልገዋለሁ" አለች፣ ወደ ካርቶኑ እያየች። ከዚያ ቀና አለች። "ናሆም፣ መቅዳት እፈልጋለሁ።"

"ታዲያ መጀመሪያውኑ አትይም?" አለ ናሆምና ካቻቪቴውን ከጆሮው ላይ አውርዶ የራሱን ካርድ ብሎን መፍታት ጀመረ።

አመሻሹ ላይ ገመቹ ደወለ። ስለ ጤናችን ጠየቀ፣ ስለ ዝናቡ አወራን፣ ከዚያ የደወለበትን አነሣ።

"ካርዷ ገባች?"

"ገባች።"

"ትንሽ ኬዝ ነው ብላኝ ነበር። ቦታ ተገኘ?"

"ማዘር ጋ ቦታ ይጠፋል እንዴ?" አልኩት።

 ከመኝታ ቤቱ የሊዲያ ዘፈን መጣ፤ ስልኩን ወደዚያ ዘርግቼ ያዝኩለት።